ከማዕድ ተርፎ ለውሻ በሚሰጠው ምግብ ውስጥ የተሸሸገው አደጋ

በጎንደር ከተማ አጥር ግቢ ኖሮት ውሻ የሌለው ቤት ማግኘት ቀላል አይደለም። ከከተማዋ ወጥቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች ለሚያቀና መንገደኛ ደግሞ ውሻ የእረኛው ባልደረባና የበረቱ ዘበኛ ሆኖ ይታየዋል። ብርዱ በሚበረታበት በዚያ ደጋ፣ ሌሊት ጅብ ወደ በጎቹ ሲጠጋ ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነው። የከተማውም ሆነ የገጠሩ ውሻ ግን በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም የሚበሉት ከሰው የተረፈውን ነው። ለውሻ ተብሎ የተዘጋጀ ምግብ ገዝቶ የሚያቀርብ ቤተሰብ በጣም ጥቂት ነው። በመሆኑም በእኛ አገር «ውሻ ምን ይብላ?» የሚለው ጥያቄ «ዛሬ ምን ተሠርቶ ምን ተረፈ?» ከሚለው ተለይቶ አይታይም።

ስለ ውሻ አመጋገብ ከውጭ የሚመጡ ምክሮች ብዙውን ጊዜ ቸኮሌትና ወይን አትስጡ በማለት ይጀምራሉ። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ለአብዛኛው ቤተሰብ የሩቅ ነገር ነው፤ ቸኮሌት ተርፎት ለውሻ የሚሰጥ ማን አለ? እኛ ቤት ያለው አደጋ ድስቱ ውስጥ ነው። ቀልጦ ከወጡ ጋር ስለተዋሐደ በዓይን አይለይም። እሱም ሽንኩርት ነው።

ሽንኩርት ለሰው ተስማሚ ምግብ ሲሆን ለውሻ ግን መርዝ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባሮ ሽንኩርትና ሌሎች ዘመዶቻቸው ሰልፈር ያለባቸው ውህዶች አሏቸው። እነዚህ ውህዶች በውሻ ሆድ ተፈጭተው ወደ ደም ሲገቡ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሂሞግሎቢን ያበላሻሉ። የተበላሸው ሂሞግሎቢን በቀይ የደም ሴሉ ጠርዝ ላይ ይረጋል። ሴሉም ጥንካሬውን አጥቶ በደም ሥር ውስጥ ይፈርሳል፣ አለዚያም ጣፊያ እንዳረጀ ቆጥራ ታስወግደዋለች። የሰው ቀይ የደም ሴል ይህን ጥቃት ይቋቋማል። የውሻ ግን አቅሙ ደካማ ነው፤ የድመት ደግሞ ከውሻም የባሰ ነው።

ብዙ ሰው ሽንኩርቱ ከተቁላላ ወይም ከተቀቀለ ጉዳቱ ይጠፋል ብሎ ያስባል። አይጠፋም። ቢቀቀል፣ ቢጠበስ፣ ቢደርቅ፣ ቢፈጭ ያው ነው። እንዲያውም የደረቀውና የተፈጨው ውኃው ስለወጣለት በትንሽ ማንኪያ ብዙ ይይዛል። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ በእኩል ክብደት ሲታይ ከቀዩ ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ እንደሚበረታ ይገመታል።

መጠኑን በቁጥር ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። አንድ ውሻ ከሰውነቱ ክብደት ግማሽ በመቶ የሚሆን ሽንኩርት በአንድ ጊዜ ከበላ የመመረዝ ምልክት ሊታይበት ይችላል። 15 ኪሎ ግራም ለሚመዝን የግቢ ውሻ ይህ 75 ግራም ማለት ነው፤ አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት እንኳ አይሞላም። አሁን ወደ ወጡ እንመለስ። ለአንድ ዶሮ ወጥ ከፎገራ የመጣ ሽንኩርት አንድ ተኩል ኪሎ ተከትፎ ተቁላላ እንበል፤ ባለሙያ እናቶች ይህን ትንሽ ነው ሊሉ ይችላሉ። ወጡ አሥራ ሁለት ጭልፋ ቢወጣው፣ በእያንዳንዱ ጭልፋ ውስጥ 125 ግራም ሽንኩርት አለ። ከድስቱ ሥር ተጠራርጎ፣ ከእንጀራ ጋር ተፈትፍቶ ለውሻው የሚሰጠው አንድ ጭልፋ ወጥ ከተጠቀሰው መጠን ያልፋል። ይህን ያደረገችው የቤት እመቤት ለውሻው ሽንኩርት ሰጠሁ ብላ አታስብም። ፍትፍት ነው የሰጠችው።

ሽሮም ከዚህ አይለይም። «ሽሮ ላይ ሽንኩርት አላበዛሁም» የሚል ሰው ዱቄቱን ማሰብ አለበት። ምጥን ሽሮ አተሩ ወይም ሽምብራው ከበርበሬ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከሌሎች ቅመሞች ጋር ተመጥኖ የሚፈጭ ነው። በርበሬውም ራሱ ሲደለዝ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበታል። ስለዚህ ያለ ሽንኩርት የተሠራ ሽሮ እንኳ ደርቆ የተፈጨ ሽንኩርት አለበት። ከዓመቱ ግማሽ ገደማ በጾም በሚያልፍበት ቤት የውሻው ሳህን በአብዛኛው ሽሮና ምስር የነካው እንጀራ ነው። የአንድ ቀኑ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም በየቀኑ የሚደጋገም ትንሽ መጠንም ቀስ በቀስ ደም ማነስ ያመጣል።

«አያቶቻችንም ይሰጡ ነበር፤ ውሻው ምን ሆነ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ተገቢ ጥያቄ ነው። አብዛኛው ውሻ የሚሰጠው ወጥ የነካው ጥቂት እንጀራ ስለሆነ መጠኑ አያደርሰውም። የደጋው የእረኛ ውሻም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የገብስ ቂጣና አጓት እንጂ የተቁላላ ወጥ አይደለም። ሌላው ምክንያት ግን የሽንኩርት ጉዳት ዘግይቶ የሚመጣ መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ቀን ውሻው ሊያስታውከው ወይም ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ከዚያ የተሻለው ይመስላል። ደም ማነሱ ጎልቶ የሚወጣው ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ነው። ውሻው ትናንት በልቶ ዛሬ ቢወድቅ ኖሮ ሁላችንም እናውቀው ነበር። ከበዓል በኋላ በአራተኛው ቀን ሲደክም ግን «አርጅቷል»፣ «ትል ይዞታል»፣ «ብርድ መታው» ተብሎ ይታለፋል።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ውሻው ይደክማል፤ ሰው ሲመጣ ተነሥቶ አይጮኽም። ምግብ ይተዋል። ሳይሮጥ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ሽንቱ ቀላ ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ይሆናል። ሮዝ መሆን የሚገባው የዓይኑ ቆብ ውስጠኛ ክፍልና ድዱ ይነጣል ወይም ቢጫ ይሆናል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ፣ ባለፈው ሳምንት ምን እንደበላ አስታውሶ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። ለሽንኩርት መርዝ ማርከሻ የሚሆን መድኃኒት የለም፤ ነገር ግን በጊዜ የደረሰ ውሻ በሚደረግለት ድጋፍ ሊድን ይችላል።

መፍትሔው ወጪ የለውም። ሥጋው ወደ ቁሌቱ ከመግባቱ በፊት ለውሻው የሚሆነውን ቁርጥራጭ ለይቶ በውኃ ብቻ መቀቀል፣ ወጥ ያልነካውን የእንጀራ ጠርዝ ለብቻ ማስቀመጥ፣ ቅመም ሳይገባበት ቅንጬ ወይም ሩዝ ቀንሶ መተው ይቻላል። የተቀቀለ ዱባና ካሮትም ይስማማዋል። ወጥ የነካውን ለማን እንስጠው ከተባለ፣ ባይሰጥ ይሻላል።

ከሽንኩርት ሌላ በየቤቱ ያሉ ጥቂት ነገሮችን እንጥቀስ። ለቤተ ክርስቲያን ከጧፍና ከዕጣን ጋር ሊሰጥ የተገዛ ዘቢብ በብዙ ቤት አይጠፋም። ዘቢብና ወይን በአንዳንድ ውሾች ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ኩላሊትን ከሥራ ውጪ ያደርጋሉ። የትኛው ውሻ ምን ያህል እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ ስለዚህ ዘቢብ ያለበት ዳቦም ሆነ ኬክ ባይሰጥ ይመረጣል። ስኳር የሌለው ማስቲካና ከውጭ ዘመድ የሚልካቸው አንዳንድ ጣፋጮች ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ አላቸው። ለሰው ምንም አይልም፤ በውሻ ላይ ግን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የደም ስኳርን አውርዶ ሊያንቀጠቅጠውና ራሱን ሊያስተው ይችላል፤ መጠኑ ከፍ ሲል ጉበትንም ያጠፋል። ልጆች ማስቲካ መሬት ላይ እንዳይጥሉ መንገር ለዚህ በቂ ነው።

ለቡሄ ሙልሙል ወይም ለዓመት በዓል ድፎ የተቦካ የዳቦ ሊጥ ሳይከደን ከተተወና ውሻ ከደረሰበት፣ ሊጡ ሆዱ ውስጥ መኩፋቱን ይቀጥላል። ሆዱን ከመወጠሩም በላይ እርሾው የሚያወጣው አልኮል ወደ ደሙ ይገባል። የጠላ አተላም እንዲሁ አልኮል አለው። ለከብት የሚሰጥ ስለሆነ ለውሻም የማይጎዳ ይመስላል፤ ሆኖም 15 ኪሎ የሚመዝን ውሻና 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ አንድ አይደሉም።

ሻጋታ ጉዳዩ ጠለቅ ያለ ነው። የሻገተ እንጀራና ዳቦ «ለሰው አይሆንም» ተብሎ ለውሻ መሰጠቱ የተለመደ ነው። አንዳንድ ሻጋታዎች የሚያመነጩት መርዝ ውሻን ያንቀጠቅጣል። በሻገተ በቆሎና ለውዝ ላይ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን ደግሞ ጉበትን ያጠቃል፤ ቢበስልም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2004 በጎረቤት አገር ኬንያ ምሥራቃዊ ክፍል በዚሁ መርዝ የተበከለ በቆሎ የበሉ 125 ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ በኋላ በ2005 መጨረሻ በአሜሪካ በፋብሪካ የተዘጋጀ የውሻ ምግብ በተመሳሳይ መርዝ ተበክሎ ብዙ ውሾች አልቀዋል። ሰውን የሚገድል ነገር ለውሻ ይሆናል ማለት አይቻልም።

በበዓል ሰሞን የዶሮ አጥንትም አለ። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላል፤ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል፣ አንጀትም ይበሳል። አጥንቱን ማንሣታችን ግን ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ይኸኛው የሰው ሕይወት ያለበት ነው።

ውሻ አፉ ተከፍቶ፣ ለሃጩ እየተዝረበረበ፣ መዋጥ አቅቶት ሲታይ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያስበው «አጥንት ተሰንቅሮበታል» ብሎ ነው። እጁን ወደ አፉ ይሰዳል። ነገር ግን የእብድ ውሻ በሽታ ሁልጊዜ በሚናከስና በሚሮጥ ውሻ አይገለጥም። መንጋጋን ሽባ የሚያደርግ፣ ውሻው ጸጥ ብሎ ለሃጩን የሚያዝረከርክበት ዓይነትም አለ፤ ከውጭ ሲታይ ከተሰነቀረ አጥንት ጋር በጣም ይመሳሰላል። ቫይረሱ ደግሞ ያለው ለሃጩ ውስጥ ነው። እጁ ላይ ጭረት ያለበት ሰው ሳይነከስም ሊያዝ ይችላል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዚህ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ሰው ይሞታል፤ አብዛኛው በእስያና በአፍሪካ ነው። በሽታው አንዴ በሰው ላይ ምልክት ካሳየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

የተመረዘ ውሻም ይንገዳገዳል፣ ያስታውከዋል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ከሩቅ ሆኖ መለየት ለሐኪምም ቢሆን ይከብዳል። ከዚህ የተነሣ ሁለት ስሕተቶች ይፈጸማሉ። አንደኛው፣ በምግብ የተመረዘ ውሻ አብዷል ተብሎ በድንጋይ ይገደላል። ሁለተኛው፣ ያበደው ውሻ ምግብ ጎድቶታል ተብሎ ይታቀፋል። የሁለተኛው ዋጋ ከፍ ያለ ነው። በመሆኑም ክትባቱን በየዓመቱ ያልወሰደ ውሻ እንዲህ ሆኖ ሲታይ አፉን መንካት አይገባም። ከልጆች ርቆ በተዘጋ ክፍል ወይም በገመድ እንዲቆይ አድርጎ ባለሙያ መጥራት ይቀድማል። የዓይኑን ቆብና ድዱን ገልጦ መመልከትም የሚቻለው ለተከተበና ለለመደ ውሻ ብቻ ነው። የተነከሰ ወይም ለሃጭ ቁስሉን የነካው ሰው ካለ ቦታውን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት መጀመር አለበት። በጎንደርና በአካባቢው የተነከሰ ሰው ጠበል መሄዱ የተለመደ ነው። ጠበል የሚሄድ ሰው ክትባቱንም ሳያስተጓጉል መከታተል ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የሚጎዳው መዘግየቱ ነው።

ክትባቱ የተሟላለት ውሻ መርዛም ነገር መብላቱ ከታወቀ ደግሞ ወተት ማጠጣት አይጠቅመውም፤ ወተት መርዝ አያረክስም። ለማስታወክ ተብሎ የሚሰጥ ጨው በራሱ ይመርዛል። ይልቅ ምን እንደበላ፣ ምን ያህል እንደበላና መቼ እንደበላ መዝግቦ፣ መጠቅለያ ካለ ይዞ መሄድ ነው። በከተማው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ክሊኒክ አለው። በየወረዳውም የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች አሉ፤ ስለ ከብትና በግ ብቻ የሚጠየቁ ይመስለን ይሆናል እንጂ ስለ ውሻም መጠየቅ ይቻላል።

እስካሁን ያነሣነው ለውሻው የሚያሰጋውን ነው። ለውሻው እምብዛም ሳያሰጋ በእሱ በኩል ዞሮ ወደ ባለቤቱ የሚመለስ ደግሞ አለ። እሱም በዓል በመጣ ቁጥር ከየግቢው የሚወረወረው ሳንባ ነው።

በቄራ የታረደ ከብት ሆድ ዕቃው በባለሙያ ይመረመራል፤ የተበላሸው ክፍል ይወገዳል። በፋሲካ፣ በገና፣ በመስቀል በግቢ የሚታረደው በግ ወይም በቅርጫ የሚታረደው በሬ ግን መርማሪ የለውም። ሳንባ በእኛ ዘንድ ስለማይበላ ቢላዋው ደርቆ ሳያልቅ ለውሻ ይጣላል። ጉበቱም ላይ ነጭ ነገር ከታየ ያ ክፍል ተቆርጦ ይከተላል። ያ ነጭ ነገር ብዙ ጊዜ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ነው፤ ሐኪሞች ሃይዳቲድ ይሉታል። ከረጢቱ ውስጥ ያሉት የአንድ ትንሽ የኮሶ ትል ዝርያ ጽንሶች ናቸው። ውሻው ጥሬውን ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ ያድጋሉ፤ በአንድ ወር ተኩል ገደማ እንቁላል መጣል ይጀምራሉ። ሰው የሚያውቀው ኮሶ ሜትሮች የሚረዝም ሲሆን ይህ ግን ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ውሻ በሺዎች ሊይዝ ይችላል፤ ሆኖም ጤነኛ መስሎ ይኖራል።

እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ በሣር፣ በጎመን መደብ፣ በውኃ መቅጃ፣ በውሻው ጠጉር ላይ ይቀራል። ቀዝቃዛና እርጥብ በሆነ ቦታ ለወራት አይሞትም፤ የስሜን ደጋ አየር ለእንቁላሉ የተመቸ ነው። በጉ በግጦሽ ይወስደዋል። ከቡችላ ጋር የሚጫወት ሕፃንም በእጁ ወደ አፉ ይወስደዋል። በሰው ሰውነት ውስጥ ከረጢቱ አብዛኛውን ጊዜ በጉበት፣ ከዚያም በሳንባ ይበቅላል። እድገቱ ቀርፋፋ ስለሆነ በልጅነት የተያዘ ሰው ምልክት የሚያየው ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ሊሆን ይችላል። ሕክምናው ረጅም ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ወይም ቀዶ ሕክምና ነው። በቀዶ ሕክምናም ሆነ በአደጋ ከረጢቱ ውስጥ ቢፈርጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል፤ ከረጢት ያለበትን ጉበት የበላ ሰው ይህ በሽታ አይይዘውም። በሽታው ወደ ሰው የሚመጣው በውሻ በኩል ብቻ ነው።

በዓለም ላይ በማንኛውም ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዚህ ዓይነት በሽታ ተይዘው እንደሚገኙ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። በአገራችን በደቡብ ኦሞ በዳሰነችና በኛንጋቶም፣ ከድንበር ማዶም በቱርካና አርብቶ አደሮች ዘንድ ሥርጭቱ ከፍተኛ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። በሌላ በኩል ፈጽሞ የተላቀቁት አሉ። አይስላንድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በበሽታው ክፉኛ ከተጎዱ አገሮች አንዷ ነበረች። ሃራልድ ክራበ የተባለ ዴንማርካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1863 ወደዚያ ተጉዞ መንገዱን አጠና፤ ከዚያም ለሕዝቡ የጻፈው ትንሽ መጽሐፍ ታተመ። የተጻፈው ቀላል ነበር፤ ከረጢት ያለበትን ሆድ ዕቃ ለውሻ አትስጡ፣ አቃጥሉት ወይም ቅበሩት የሚል ነው። የውሻ ሕግም ተከተለ። ዘመናዊ መድኃኒት ሳይኖር በሽታው ቀስ በቀስ ከደሴቲቱ ጠፋ። ከበግ አርቢዎቹ የተጠየቀው ከበዓል እርድ በኋላ ከእኛ ከሚጠበቀው የበለጠ አልነበረም።

ስለዚህ በግቢ ሲታረድ ሳንባውንና ጉበቱን በእጅ ዳስሶ፣ በቢላዋ ሰንጠቅ አድርጎ ማየት ተገቢ ነው። ከረጢት ያለበትን ክፍል ውሻ ሊቆፍረው በማይችል ጥልቀት ቀብሮ ድንጋይ መጫን ወይም ማቃጠል ያስፈልጋል። ንጹሕ የሚመስለውም ቢሆን ጥሬውን አይሰጥ፤ ትንንሽ ከረጢቶች ውስጥ ውስጡን ስለሚደበቁ በዓይን ላይታዩ ይችላሉ። ሳንባውን ቆራርጦ ውኃው ከፈላ በኋላ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት መቀቀል ጽንሶቹን ይገድላል። ያለ ሽንኩርት መሆኑን መድገም ሳያስፈልግ አይቀርም።

ውሻው እስከ ዛሬ ጥሬ ሲበላ ከኖረ ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ፣ እንደ ክብደቱ መጠን መስጠት ይቻላል። በሽታው ባለበት አካባቢ ውሾች ቢያንስ በዓመት አራት ጊዜ እንዲወስዱ ይመከራል። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም፤ ስለሆነም ከተሰጠ በኋላ ውሻውን ለሁለትና ሦስት ቀን አስሮ ዓይነ ምድሩን በአካፋ ሰብስቦ ማቃጠል ወይም በጥልቅ መቅበር ያሻል። ይህን የሚሠራው ሰው ጓንት ቢያጠልቅ፣ ካልሆነም በፌስታል እጁን ቢሸፍን፣ ሲጨርስም በሳሙና ቢታጠብ ጥሩ ነው። ልጆች በእነዚያ ቀናት ውሻው ወደታሰረበት እንዳይጠጉ ያድርጉ።